በኮንዶም ከተፈጸመ ግንኙነት በኋላ ስለሚመጣ የኤች አይ ቪ ስጋት፦ ለአንዲት ጠያቂ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «የ26 ዓመት ሴት ነኝ፤ አላገባሁም። ከ19 ቀን በፊት፣ ሁለት ወር ያህል ከማውቀው ሰው ጋር አንድ ጊዜ ግንኙነት ፈጸምኩ። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ኮንዶም ተጠቅመናል፤ አልተቀደደም፣ አልወለቀም። ጠዋት ላይ ግን መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ የመድኃኒት ብልቃጥ አየሁ። ከተጻፈበት ውስጥ ‹ቴኖፎቪር› የሚለውን ብቻ አስታውሳለሁ፤ ስሙን ስፈልገው የኤች አይ ቪ መድኃኒት ነው የሚል አገኘሁ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። በ12ኛው ቀን ጉሮሮዬን አመመኝ፤ ከንፈሬ ላይ ምች ወጣብኝ፤ አንገቴ ሥር እጢ ያለ ይመስለኛል። በ16ኛው ቀን ጤና ጣቢያ ተመርምሬ ነጻ ነሽ ተባልኩ፤ ነገር ግን ኮንዶም 80 በመቶ ብቻ ነው የሚከላከለው የሚል ስላነበብኩ ማመን አልቻልኩም። መከላከያ መድኃኒት መጀመር እችላለሁ? የምኖረው ከእናቴና ሕፃን ልጅ ካላት እህቴ ጋር ነው፤ በአንድ ትሪ መብላትና ጉርሻ መቀበል ካቆምኩ ሁለት ሳምንት ሆነኝ።»

ምላሽ፦ ውድ ጠያቂ፣ የጻፉትን ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ። መልሱን ፍለጋ እስከ መጨረሻው መስመር በሥጋት እንዳይጓዙ ዋናውን ከፊት አስቀምጣለሁ። እንደጻፉት ኮንዶሙ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በቦታው ከነበረና ካልተቀደደ፣ በዚያች ሌሊት በኤች አይ ቪ የመያዝ ዕድልዎ በተግባር የለም ለማለት የሚያስደፍር ያህል አነስተኛ ነው፤ ሰውየው ቫይረሱ በደሙ ውስጥ የሚገኝ ሰው ቢሆን እንኳ ይህ ፍርድ አይለወጥም። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ የሚነሣው ከአንድ ነገር ነው፦ ለቫይረሱ መጋለጥ አለመጋለጥዎ የሚታወቀው በዚያች ሌሊት በተፈጸመው ነገር እንጂ ከዚያ በኋላ ጉሮሮዎ፣ ከንፈርዎ ወይም አንገትዎ ባሳየው ነገር አይደለም። እርስዎ ግን ላለፉት ሁለት ሳምንታት የተፈጸመውን ትተው ምልክቱን ሲያነቡ ቆይተዋል።

ቫይረሱ በላስቲኩ ውስጥ ሾልኮ ያልፍ ይሆን የሚለው ሥጋት የብዙ ሰው ሥጋት ነው። የኤች አይ ቪ ቫይረስ ስፋት ከአንድ ሚሊሜትር አሥር ሺህኛ እጅ ገደማ ስለሆነ፣ ይህን ያህል የደቀቀ ነገር የትም ይገባል ብሎ ማሰብ አይገርምም። ይሁን እንጂ የውሃ ቅንጣት ከቫይረሱ በብዙ መቶ እጥፍ የምታንስ ሆና ሳለ ከላቴክስ የተሠራ ኮንዶም ውሃ ቢሞሉበት አያንጠባጥብም፤ ቫይረሱ ደግሞ ብቻውን አይበርርም፤ የሚጓዘው በዘር ፈሳሽ፣ በደምና በብልት ፈሳሽ ውስጥ ሆኖ ነው። ፋብሪካዎችም እያንዳንዱን ኮንዶም ከመታሸጉ በፊት በኤሌክትሪክ ይፈትሹታል፤ ከየምርቱም ናሙና እየወሰዱ ውሃ በመሙላትና በአየር በመንፋት ይፈትናሉ። ከበግ አንጀት የሚሠራው ዓይነት ብቻ ቫይረስ ሊያሳልፍ ይችላል፤ እርሱ ደግሞ በእኛ አገር ፋርማሲና ሱቅ ከሚሸጡት ከእነ ሕይወት ትረስትና ሴንሴሽን ጋር የሚደባለቅ ነገር አይደለም።

ኮንዶም የሚከሽፈው በአመዛኙ በእኛው እጅ ነው። ግንኙነቱ ከተጀመረ በኋላ ዘግይቶ ሲጠለቅ፣ ከማለቁ በፊት ሲወልቅ፣ ወር ሙሉ በኪስ ቦርሳ ውስጥ ሙቀት ሲመታው ከርሞ ሲወጣ፣ በቫዝሊን ወይም በሌላ የቅባት ዘር ሲለሰልስ (ቅባት ላቴክስን በደቂቃዎች ውስጥ ያዳክመዋል)፣ ወይም ይበልጥ ይጠብቀኛል ተብሎ ሁለት ሲደረብ እርስ በርሱ ተፋትጎ ሲቀደድ ነው። ሲቀደድም የመርፌ ቀዳዳ የምታህል የተደበቀች ሽንቁር አያበጅም፤ ተተርትሮ ይታያል። እርስዎ አልተቀደደም ብለዋል፤ ዓይንዎን ይመኑት። ከቆሻሻ መጣያ አውጥተው ውሃ ሞልተውበት እንደፈተሹት የነገሩኝ ታካሚዎች አጋጥመውኛል፤ እንዲህ ያለው ፍተሻ ለአንድ ሰዓት ያህል ያሳርፍ ይሆናል እንጂ የሚጨምረው እውቀት የለም።

«80 በመቶ» የምትለው ቁጥር እንቅልፍዎን ከወሰዱት ነገሮች አንዷ ስለሆነች ትንሽ ልቆይባት። ቁጥሯ ሐሰት አይደለችም፤ የተነበበችበት መንገድ ግን ስሕተት ነው። ኮንዶም ከተጠቀሙ 100 ሰዎች 20ዎቹ ይያዛሉ ማለት አይደለም። ከጥንዶቹ አንዱ ቫይረሱ ያለበት፣ ሌላው ነጻ የሆነባቸው ባለትዳሮች ለዓመታት ሲታዩ፣ «ሁልጊዜ እንጠቀማለን» ያሉት «ፈጽሞ አንጠቀምም» ካሉት ጋር ሲነጻጸሩ በቫይረሱ የመያዙ ነገር በ80 በመቶ ያህል ቀንሶ ተገኘ ማለት ነው። «ሁልጊዜ» ካሉትም መካከል አንድ ሌሊት የረሱ፣ ዘግይተው ያጠለቁ፣ የተቀደደባቸው፣ ይህንንም ለአጥኚዎቹ ያልተናገሩ አሉ፤ ቁጥሩን ወደ ታች የሚጎትተው ይህ የሰው ባሕርይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 በታተመ አንድ የአውሮፓ ጥናት ውስጥ ኮንዶምን በእርግጥ ሳያቋርጡ የተጠቀሙ 124 ጥንዶች ተከታትለው ታይተው ነበር። በመካከላቸው 15,000 ገደማ ግንኙነት ተፈጽሞ ከነጻዎቹ ወገን አንድም ሰው አልተያዘም። ያ ዘመን ደግሞ ቫይረሱን የሚገታው የዛሬው ሕክምና ገና ያልነበረበት ዘመን ነው።

ሌላም ስሌት ላስከትል። ሕክምና ካልጀመረ፣ ቫይረሱ ካለበት ወንድ ጋር ያለ ኮንዶም አንድ ጊዜ በብልት በኩል ግንኙነት የፈጸመች ሴት የመያዝ ዕድሏ በአማካይ ከ10,000 ግንኙነት 8 ያህል እንደሆነ ይገመታል። የብልት ቁስል ወይም ሌላ የአባላዘር በሽታ ሲኖር፣ እንዲሁም ሰውየው ራሱ በቅርቡ ተይዞ ቫይረሱ በደሙ ውስጥ በብዛት በሚገኝበት ሰሞን ይህ ዕድል ከፍ ይላል። ይህን ስጽፍ ቫይረሱ እንደ ቀላል ይታይ ለማለት አይደለም፤ ያለ መከላከያ የተደጋገመ ግንኙነት ብዙ ቤት አፍርሷል። ነገር ግን ከ10,000 ስምንት የነበረው ዕድል ላይ ያልተቀደደ ኮንዶም ሲጨመርበት የሚቀረው ምን ያህል እንደሆነ እርስዎም ሊያስቡት ይችላሉ።

አሁን ወደ ብልቃጡ እንምጣ፤ በጽሑፍዎ ውስጥ ይበልጥ ያሳሰበኝ እርሱ ነውና። ቴኖፎቪር በእርግጥ በኤች አይ ቪ ሕክምና ውስጥ በስፋት የሚሰጥ መድኃኒት ነው፤ በአሁኑ ጊዜ በአገራችን አብዛኛው አዋቂ ታካሚ በቀን አንድ ጊዜ የሚውጠው እንክብል ቴኖፎቪርን፣ ላሚቩዲንንና ዶሉቴግራቪርን በአንድ ላይ የያዘ ነው። ሆኖም ቴኖፎቪርን የሚውጥ ሁሉ ኤች አይ ቪ አለበት ማለት አይደለም። ነጻ የሆነ ሰው እንዳይያዝ አስቀድሞ የሚወስደው ፕሬፕ የሚባለው መከላከያም የሚዘጋጀው ከዚሁ መድኃኒት ነው፤ ለምሳሌ ሚስቱ ቫይረሱ ያለባትና እርሱ ነጻ የሆነ ባል ሊወስደው ይችላል። ሦስተኛው ምክንያት ብዙ ሰው የማያውቀው ነው፤ ሄፓታይተስ ቢ የሚባለውን የጉበት ቫይረስ ለመግታትም ዋነኛው መድኃኒት ቴኖፎቪር ነው። በክሊኒክ ውስጥ የጉበት ቫይረስ መድኃኒታቸውን የቤት ሰው አይቶባቸው ያልሆነ ስም የወጣላቸው ታካሚዎች አሉ። እርስዎ የሚያስታውሱት አንዱን ስም ብቻ ስለሆነ ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ በብልቃጡ መፍረድ አይቻልም።

የፈሩት እውነት ቢሆን እንኳ፣ ማለትም ሰውየው የኤች አይ ቪ ሕክምና ላይ ያለ ቢሆን፣ መድኃኒቱ ሊያስጨንቅዎ ሳይሆን ሊያረጋጋዎት የሚገባ ነው። መድኃኒቱን በአግባቡ የሚወስድ ሰው በአብዛኛው ከስድስት ወር ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ በደሙ ያለው የቫይረስ መጠን በምርመራ እስከማይታይ ድረስ ይወርዳል፤ በዚያ ደረጃ ላይ የቆየ ሰው ደግሞ በግብረ ሥጋ ግንኙነት ቫይረሱን አያስተላልፍም። ይህ የማጽናኛ ቃል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመ ጥናት 888 ጥንዶች፣ ያለ ኮንዶም 58,000 ገደማ ግንኙነት ፈጽመው፣ ሕክምና ላይ ካለው ወገን ወደ ነጻው የተላለፈ አንድም የቫይረስ ጉዳይ አልተገኘም። ለሌሎች የሚያሰጋው ራሱን የማያውቅና መድኃኒት ያልጀመረ ሰው ነው፤ በመታጠቢያ ቤቱ መደርደሪያ ላይ ብልቃጥ የሌለው ማለት ነው። በደንብ ቢያስቡት ብልቃጡን ባያዩ ኖሮ አንድ ሌሊት እንኳ ባልተጨነቁ ነበር።

ሄፓታይተስ ቢን ያነሣሁት ለማስፈራራት አይደለም፤ የሚሠራ ነገር ስላለው ነው። ይህ ቫይረስ ከኤች አይ ቪ ከ50 እስከ 100 እጥፍ ይበልጥ ተላላፊ እንደሆነ ይገመታል፤ በአገራችንም በብዛት የሚገኝ ነው። ኮንዶም ከእርሱም ይከላከላል። ነገር ግን በሕፃናት የክትባት መርሐ ግብር ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ2007 ስለሆነ በእርስዎ ዕድሜ ያሉ ሰዎች በሕፃንነታቸው አልተከተቡም። ስለዚህ በሚቀጥለው ምርመራ ጊዜ የሄፓታይተስ ቢ ምርመራ አብሮ እንዲሠራልዎ ይጠይቁ፤ ነጻ ሆነው ከተገኙ በስድስት ወር ውስጥ በሦስት ዙር የሚሰጠውን ክትባት ይውሰዱ። ከዚህ ሁሉ ጭንቀት የሚተርፍልዎ እውነተኛ ጥቅም ምናልባት ይኸው ክትባት ነው። ኮንዶም የማይሸፍነው የቆዳ ክፍል ላይ በሚገኝ ቁስል ሊተላለፍ ስለሚችል የቂጥኝ ምርመራም አንድ ጊዜ ማድረግ አይጎዳም።

ስለ ጉሮሮ ሕመሙ፣ ስለ ምቹና ስለ እጢው ሲጽፉ ከኢንተርኔት ላይ ያገኙትን ዝርዝር አንድ በአንድ እየቆጠሩ እንደነበር ይታየኛል። በቫይረሱ አዲስ ከተያዙ ሰዎች ብዙዎቹ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ትኩሳት፣ የጉሮሮ ሕመም፣ ሽፍታና የእጢ ማበጥ ሊያዩ እንደሚችሉ እውነት ነው። ችግሩ ይህ ዝርዝር የጉንፋንም፣ የቶንሲልም፣ የሌሎች በርካታ ሕመሞችም ዝርዝር መሆኑ ነው። በምልክት ብቻ ኤች አይ ቪን መርምሮ ያወቀ ሐኪም እስካሁን አላየሁም፤ እኔም አልችልም። በከንፈርዎ ላይ የወጣው ምች ደግሞ አብዛኞቻችን ከልጅነታችን ጀምሮ በሰውነታችን ተሸክመነው የምንኖር፣ ሄርፐስ የሚባል ሌላ ቫይረስ ነው። ትኩሳት፣ ፀሐይ፣ እንቅልፍ ማጣትና ጭንቀት ሲያገኘው ብቅ ይላል። ሁለት ሳምንት ያልተኛ ሰው ምች ቢወጣበት አይደንቅም። (አልማዝ ባለጭራ የወጣበት ሰው ሁሉ ወዲያው ኤች አይ ቪ ይታሰበዋል፤ እርሱም ቢሆን መከላከያ አቅም በዓመታት ሲዳከም የሚመጣ እንጂ በ12 ቀን ውስጥ የሚከሰት የአዲስ መያዝ ምልክት አይደለም።) አንገትዎን በቀን ስንት ጊዜ እንደሚዳብሱት አልነገሩኝም፤ ነገር ግን ጤነኛ እጢም ደጋግመው ሲጫኑት ያብጣል፣ ያማል፤ ከዚያም ማበጡ ራሱ አዲስ ማስረጃ ይሆናል።

ወደ ምርመራው ስንመጣ፣ በ16ኛው ቀን የተነገረዎት «ነጻ ነሽ» ትክክል ነው፤ ይሁንና የሚናገረው ስለዚያች ሌሊት ሳይሆን ከዚያች ሌሊት በፊት ስለነበረው ሕይወትዎ ነው። በጤና ጣቢያ ከጣት በሚወሰድ ደም የሚሠራው ፈጣን ምርመራ የሚፈልገው ቫይረሱን ሳይሆን ሰውነት ቫይረሱን ለመከላከል የሚያመርተውን አንቲቦዲ ነው፤ ይህ ደግሞ በምርመራ እስኪታይ ከ23 እስከ 90 ቀን ሊወስድ ይችላል። ዊንዶው ፔሬድ የሚባለው ይህ ጊዜ ነው። በአንዳንድ ሆስፒታሎችና የግል ላቦራቶሪዎች የሚሠራው፣ ከክንድ ደም ተወስዶ አንቲቦዲውንም የቫይረሱን ቁራጭም አብሮ የሚፈልገው አራተኛው ትውልድ የሚባል ምርመራ በ45ኛው ቀን ውጤቱ የመጨረሻ ነው። እርሱ ካልተገኘ ፈጣኑን ምርመራ በ90ኛው ቀን ያድርጉ፤ በስድስተኛው ሳምንት ላይ ቢሠራም አብዛኛውን ያሳያል፣ ማረፊያው ግን 90ኛው ቀን ነው። ከድድ በሚወሰድ ፈሳሽ ቤት ውስጥ የሚደረገው የራስ ምርመራም ከ90 ቀን በፊት ለእርስዎ ጉዳይ አይሆንም፤ አንቲቦዲው በምራቅ ውስጥ ከደም ይልቅ ዘግይቶ ይታያልና። ከዚያ በፊት በየሳምንቱ እየሄዱ መመርመር የሚጨምረው ነገር የለም። ምርመራው ፖዘቲቭ ቢሆን ደግሞ በአንድ ኪት ብቻ ተፈርዶ አይነገርም፤ በተለያዩ ኪቶች ተደጋግሞ ይረጋገጣል።

የጠየቁት መከላከያ መድኃኒት፣ ፔፕ የሚባለው፣ ከተጋላጭነት በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ ተጀምሮ ለ28 ቀን የሚወሰድ ነው። ጊዜው አልፏል፤ ቢያልፍም አልቆጭም፣ ምክንያቱም በሰዓቱ ቢመጡ ኖሮም በዚህ ሁኔታ አላዝልዎትም ነበር። ይህ መድኃኒት በዋናነት መርፌ ለወጋው የጤና ባለሙያ፣ ለተደፈሩ ሰዎችና ኮንዶም እንደ መቀደድ ያለ ተጋላጭነት ላጋጠማቸው ነው። ወደፊት እንዲያ ያለ ነገር ቢገጥምዎ ሳይጠብቁ፣ በዚያው ቀን፣ የፀረ ኤች አይ ቪ ሕክምና ወደሚሰጥበት ሆስፒታል ወይም ጤና ጣቢያ ይሂዱ። ከሰው ተበድሮ ወይም ከዘመድ ተቀብሎ ጥቂት እንክብል መዋጥ ግን ፈጽሞ አይገባም፤ አንቲቦዲው በምርመራ እንዳይታይ ሊያዘገይና ውጤቱን ሊያደበላልቅ ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ1986 በአገራችን የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን ከታወቁ ወዲህ ለብዙ ዓመታት የተማርነው በፍርሃት ነው። መድኃኒት በነጻ መሰጠት እስከጀመረበት እስከ እ.ኤ.አ. 2005 ድረስ ሞቱ በየሰፈሩ ስለነበር ፍርሃቱ መሠረት ነበረው። ችግሩ መድኃኒቱ መጥቶ ፍርሃቱ ሳይሄድ መቅረቱ ነው። የ«መ» ሕጎች ተብለን የተማርናቸውን፣ መታቀብን፣ አንድ ለአንድ መወሰንንና መጠቀምን፣ ሁላችንም በቃላችን እንወጣቸዋለን፤ የመጨረሻዋን «መ» በትክክል የፈጸመ ሰው ግን ከፈጸመ በኋላም እንዳልፈጸመ ሆኖ ይጨነቃል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚለው አባባላችን ለገበያ ይበጅ ይሆናል፤ ለእንቅልፍ ግን አይበጅም። በሥራዬ እንዳየሁት፣ እንዲህ ካለው ጭንቀት በስተኋላ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ቫይረሱ ሳይሆን ጸጸት ነው። ሰው «ማድረግ አልነበረብኝም» ብሎ ሲያምን ቅጣቱን በሰውነቱ ላይ ይፈልጋል። ከጸጸቱ ጋር የሚነጋገሩት ከሚያምኑት ሰው ወይም ከንስሐ አባትዎ ጋር ሊሆን ይችላል፤ የደም ምርመራ ያንን አይመልስም።

ከ90ኛው ቀን ውጤት በኋላም «ምናልባት ኪቱ ተበላሽቶ ይሆናል» የሚል ሐሳብ እየመለሰ ካመላለሰዎት፣ ያኔ የሚያስፈልግዎ ሌላ ላቦራቶሪ ሳይሆን የአእምሮ ጤና ባለሙያ ነው። የአእምሮ ሐኪም ሲባል አማኑኤል ሆስፒታል ብቻ እየታሰበን እንሸማቀቃለን እንጂ አገልግሎቱ ዛሬ በብዙ ጠቅላላ ሆስፒታሎችም ይገኛል። እንዲህ ያለው ተመላላሽ ሥጋት ስም ያለው፣ በንግግር ሕክምናም አስፈላጊ ሲሆን በመድኃኒትም የሚታከም ሕመም ነው።

ስለ ሰውየው ያልጠየቁኝን አንድ ነገር ልጨምር። ያዩትን ብልቃጥ ለጓደኛም ለእህትም አይንገሩ፤ የሌላ ሰው የጤና ምስጢር ነው፣ ደግሞም ምን እንደሆነ አያውቁም። ግንኙነቱን መቀጠል ከፈለጉ ራሱን ይጠይቁት፤ «መድኃኒትህን አይቼ ተጨንቄያለሁ፣ ለምን እንደምትወስደው ብትነግረኝ» ማለት ይበቃል። አብራችሁ ለመመርመርም ይስማሙ ይሆናል። ካልፈለጉ ደግሞ የመጠየቅ ግዴታ የለብዎትም፤ ምርመራዎ ከእርሱ መልስ ጋር የተያያዘ አይደለም።

በመጨረሻ ወደ ትሪው። ኤች አይ ቪ በምግብ፣ በመጠጥ፣ በምራቅ፣ በመታቀፍም ሆነ በአንድ መጸዳጃ በመጠቀም አይተላለፍም፤ ሄፓታይተስ ቢም ቢሆን አብሮ በመብላት አይተላለፍም። ስለዚህ ከዛሬ ማታ ጀምሮ ከእናትዎ ጋር በአንድ ትሪ ይብሉ፤ የሚሰጡዎትን ጉርሻም ይቀበሉ፤ ሁለት ሳምንት ሙሉ እምቢ ሲሏቸው ምን አስበው ይሆን ብዬ አሰብኩ። ምላጭና የጥርስ ብሩሽ የየራስ ይሁን፤ እርሱ ለማንኛውም ቤት የሚሆን ደንብ ነው። ከዚያ ቤት ውስጥ ከእርስዎ ወደ ሌላ ሰው ሊተላለፍ የሚችል አንድ ነገር ካለ ከንፈርዎ ላይ ያለው ምች ነው፤ ለሕፃን ደግሞ ሊከፋ ይችላል። ቅርፊቱ ረግፎ እስኪድን ድረስ የእህትዎን ልጅ አይሳሙት፤ ከዳነ በኋላ ይሳሙት።